ቅሏን የሚያስረዳ መጽሐፍ

መካኒሳ ታክሲ መያዣው አጠገብ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ጎረምሳ አለ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ከፍተኛ ሒሳብ አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የስንተኛ ክፍል ጋሼ? የዘጠነኛ? የአሥረኛ?»

«ከአሥራ ሁለተኛ በላይ።»

«ከአሥራ ሁለተኛ በላይማ ያለው ሥራ መፈለግ ነው» አለና አጠገቡ የቆሙትን አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ባዶ እጄን መመለስ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል እንደዚያ ስመለስ ነው የኖርኩት።

የቶርኖ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ማንም አላስተማረኝም። ካልኩለስን ሽፋኑ ከተቀደደ መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛውንም አብሮ ከዚያው መጽሐፍ ተማርኩ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ከላፍቶ እስከ ሀና ማርያም ያለ አስተማሪ እኔ የደረስኩበት የደረሰ ሰው ካለ ያምጡትና እንፈታተን። ባለቤቴ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «ጉረኛ!» ትለኛለች። ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት፤ ቃሉንም ማሽን ላይ እንደምትመታ ሁሉ ቀና ሳትል ነው የምትወረውረው። ትዳራችንን ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ።

ያስቸገረኝ ጥያቄ የመጣው ከሥራዬ ነው። የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ስታግለው ሙቀቱ ወደ ሌላው ጫፍ እንዴት ይጓዛል? ከመጻሕፍቴ አንዱ፣ መጀመሪያ ሙቀቱ ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነበረ እንበል ይላል። ለዚህም አንዲት ትንሽ ምልክት ያመጣል። አንገቷ የተጠማዘዘ ቅል ስለምትመስል ቅል አልኳት። ቅሏ ከአንዲት ነጥብ በቀር በሁሉም ቦታ ዜሮ ናት፤ ስትደመር ግን አንድ ትሰጣለች ይላል መጽሐፉ። ውሸት ነው አልኩ። ነጥብ ስፋት የለውም፤ ምንም ያህል ቁመት ብትቆልልበት ድምሩ ዜሮ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ይህን ያየሁ እኔ ነኝ። መጽሐፉ ግን እንዲሁ ተጠቀሙባት ብሎ አለፈ። ሌላ ሁለት መጽሐፍ አገኘሁ፤ እነሱም አለፉ። ሐቁን የሚነግረኝ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ፍለጋ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር። በኋላ ዐይኔ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለችኝ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ። የቀረው ደግሞ በቧንቧ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ከዚያ ወዲያ ኩራቴን ዋጥ አደረግሁት።

ጎፋ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የእድራችን አባል ነው። ለቅሶ ላይ ጎኑ ተቀመጥኩና ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅሏን መንጠቆው ሥር ስታስገባት አንድ የምትሰጠው እንዴት ነው?»

«ምን አሉኝ ጋሼ? ቅል?»

«ቅሏን። መንጠቆው ሥር።»

ሰውየው ሐዘኑ ጭንቅላቴን የነካው መሰለው። ክንዴን ያዝ አድርጎ «ቤትዎ ላድርስዎት?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሒሳብን ዕድሜዬን ሁሉ አንብቤአለሁ እንጂ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ለምልክቶቹ ሁሉ ስም ያወጣሁላቸው ራሴ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም። ደጃፉ ላይ የቆመችውን የመኪናውን አቧራ የለበሰ የኋላ መስታወት አገኘሁና ቅሏንም፣ ድምሯ ዜሮ ነው የምልበትንም በጣቴ ጻፍኩበት። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ኢንተግራል! ለካ መንጠቆ ያሉት ኢንተግራልን ነው?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የጻፍኩትን ሲያነብ ግን ሳቁን አቆመ። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ቅል ያሉት ፋንክሽን አይደለም። ሌላ ዓይነት ነገር ነው። የሚያስረዳው መጽሐፍ አለኝ።»

የባለቤቴን ቁጥር ነገርኩት፤ ሠላሳ ዓመት የፈለግሁት መጽሐፍ እዚያው ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ በቴሌግራም ስልኳ ላይ ገባ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሳለ ስልኳ «ጭርር» ሲል ሰማሁት።

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠን ከፈትነው። እንዳይ ፊደሉን ስታጎላው የእኩልነት ምልክቱ ብቻ ቀረ፤ ግራና ቀኙ ከስልኩ ወጣ። ስታሳንሰው ጉንዳን ሆነ።

«ተወው፣ እኔ ላንብብልህ» አለች። «መንጠቆህንም ቅልህንም አውቃቸዋለሁ። ስታጉተመትም ስሰማ ስንት ዘመኔ ነው!»

አነበበች። አንድ ፊደል አትዘልም፤ ቅንፍ ሲከፈት «ክፈት»፣ ሲዘጋ «ዝጋ» ትላለች። ቅሏን በየቦታው ስንት ናት ብላችሁ አትጠይቋት ይላል መጽሐፉ፤ ሌሎች ፋንክሽኖች ላይ በምትሠራው ሥራ እወቋት። ጭኔን መታሁ። ከዚህ የተሻለ ሐቀኛ አነጋገር ከመጽሐፍ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሸሸኝ። ሒሳብ በጆሮ አይያዝም። ሦስተኛው መስመር ሲመጣ አንደኛው ጠፍቷል። «ድገሚው» እላለሁ፣ ትደግመዋለች። ዐይን ወደ ላይ ተመልሶ የሚያገኘውን ጆሮ ከየት ያገኘዋል? ቀናት እንዲህ አለፉ፤ ድምጿ ሻከረ። እኔም ያልገባኝን ገብቶኛል ማለት ጀመርኩ፣ እንድታርፍ።

በመጨረሻ የእኔ ብረት ጋ ደረስን። ከአንዲት ነጥብ የተነሣ ሙቀት በዚህ መንገድ ይጓዛል፤ በሌላ መንገድ ሊጓዝም አይችልም ይላል።

«ማረጋገጫውስ?» አልኳት።

«ለማረጋገጫው ቅንፍ ክፈት፣ አሥራ አራት፣ ቅንፍ ዝጋ ይመልከቱ፣ ነው የሚለው።»

«አሥራ አራት ምንድን ነው?»

እስከ መጨረሻው ገጽ በጣቷ ስትገፋ ቆየች። «ሌላ መጽሐፍ ነው። ፈረንሳይኛ ነው መሰለኝ። ይኼንን መተየብ እችል ነበር እንጂ ማንበብስ አልችልም።»

የሚቀጥለው መጽሐፍ ሌላ አሥራ አራት ይኖረዋል። እሱንም መምህሩ ይልክልን ይሆናል፤ መጽሐፍ አሁን እንደ ጉድ ሞልቷል። የጎደለው እኔ ነኝ። ቧንቧው በየወሩ እየጠበበ ነው፤ ጠዋት ጠብታውን ስታደርግልኝ ከፊቷ የማየው አንድ ጉንጭ ብቻ ነው። ብረቱ ለምን በዚያ መንገድ ብቻ እንደሚግል ሳላውቅ ልቀር ነው።

«ፈረንሳይኛ ምን አላት» አልኩ። «ዐይኔ ደህና ቢሆን በአንድ ዓመት ተምሬ ጨርሼ ለሌላም ሰው አስተምራት ነበር።»

መልሷን ጠበቅሁ። ስልኩን አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጉረኛ አላለችኝም።