ሲሊኮን የጠጣው መስኮት

እኔ የቀባሁት ግድግዳ ላይ ያረፈች ዝንብ መልኳን አይታ ጠጉሯን ታበጥራለች። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። ጅዳ ውስጥ ቀለም ቀቢ ሆኜ ኖሬ፣ በነሐሴ ሩዋይስ ሰፈር አንዲት ክፍል ስንከራይ ለሚስቴ ቤተ መንግሥት ላደርግላት ማልኩ። ግድግዳውን በዘይት ቀለም ሦስት እጅ ቀባሁት። አዲስ የችፑድ ቁም ሳጥን አቆምኩ፤ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ በማስቲሽ ለጠፍኩ። ሙከይፍ የምንለው የአየር ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ ደግሞ መስኮቱን ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩት። ጉንዳን እንኳ ያለ ቪዛ አይገባም!

የገባን ዕለት ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሳቅን። ጫማዬ ምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ሲቀር እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

«ይሄ ቤት ፍቅር አለው» አልኩ። ማስቲሹ ነበር ያሰከረን።

በሦስተኛው ቀን የሚስቴ ሳቅ በሳል ያልቅ ጀመር። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ደረቷ ያፏጫል፤ የሚሳበውን መድኃኒቷን ብትወስድም ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያፍናታል። እኔስ? ቀለም ቀቢ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወተት ገዝቼ መጣሁ። እኛ ቀለም ረጭተን ወተት ካልጠጣን የሞትን ነው የሚመስለን።

«ጠጪ፣ ደረትሽን ያጥበዋል።»

«ፍልሰታ ነው እኮ!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አንተ ሰው፣ ገድለኸኝ ጾሜንም ልታስፈታኝ ነው?»

«መድኃኒት ነው፤ እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ አስም ሆድ ውስጥ እንዳልሆነም ያውቃል!»

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ከች አለች። ሰው ቤት የምትሠራ ወሎዬ ናት፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። በሩን ከፍታ ወዲያው በሻሿ አፍንጫዋን ያዘች።

«ያ ረቢ! ቀለም ጣሳ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት? መስኮቱን ክፈተው!»

«አይከፈትም፤ እኔ ነኝ የደፈንኩት» አልኩ በኩራት።

«ወላሂ ጅል ነህ! ማዳሜ አዲስ ቁም ሳጥን ስታስገባ ሳምንት ሙሉ መስኮት ከፍታ ልጆቿን ሌላ ክፍል ነው የምታስተኛው። ሙከይፍህ ያንኑ መርዝ አቀዝቅዞ ነው የሚመልስላችሁ። ኸላስ፣ እህቴን እወስዳታለሁ። አንተ ቢላ አንሳ!»

ሚስቴን ደግፋ ወደ ክፍሏ ወሰደቻት፤ ወተቱንም አልረሳችውም፤ እሷ ጾም የለባት። እኔ ከሲሊኮኑ ጋር ትግል ገጠምኩ። በሥራዬ ጥራት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም! ሁለት ቢላ ሰበርኩ፤ ላቤ ቀይ ባሕርን በአንድ ክንድ ሳይጨምር አልቀረም። መስኮቱ ሲላቀቅ የጅዳ ሙቀት ሳይጋበዝ ዘው አለ። ቁም ሳጥኑን ጣሪያ ላይ አወጣሁት፤ ምንጣፉን ከነማስቲሹ ገሽልጬ ጣልኩት።

ሚስቴ የተመለሰችው ሽታው ከወጣ በኋላ፣ በሳምንቱ ነው። ቀጥ ብላ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። የተጠበሰ ዓሣ ሽታና የባሕር ጨው ይገባል። በረጅሙ ሳበች።

«እንዴት...» ልል ስል፣

«ዝም በል፣ ደረቴን ልስማው» አለች።

ዝም አልኩ፤ ለእኔ ከሲሊኮኑ የባሰ ሥራ ነው። ፉጨት የለም። ደግማ ሳበች። አሁንም የለም።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ እኔው ከደስታዬ አፏጨሁላት።