የሰይድን ክርን ያሰርኩበት ጎማ

ባለፈው ሳምንት ሲኤምሲ አካባቢ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቀኝ ክርኔን ስትነካው ከወንበሬ ተነሣሁ።

"የቴኒስ ክርን ይባላል፣ አባባ" አለችኝ።

አናጢ ነኝ፤ የቴኒስ ሜዳ ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው። ሁለት ነገር አሳየችኝ፦ ከክርን ዝቅ ብሎ የሚታሰር ቀበቶና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር። ቀበቶው ጅማቱ ላይ የሚያርፈውን ጉተታ ይቀንሳል፤ ፕላስተሩ ሳያጠብቅ ይደግፋል።

"ሁለቱም ያስታግሳሉ እንጂ አያድኑም። ሥራ መቀነስ አለብዎት። ቀበቶውን ደግሞ አደራ፣ እጅዎ ከደነዘዘ ወዲያው ይፍቱት።"

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ሰይድ በዓይነ ሕሊናዬ ፊቴ ቆሞ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቦሌ ሚካኤል አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ከወሎ ከመጣው ከሰይድ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንሠራ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ማንበብ አልተውኩም፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጤና መጽሐፍ ስለነበረኝ ሠራተኛው "ዶክተር" ይለኝ ነበር። ስሙን ወድጄው ነበር።

ሰይድ ቀኑን ሙሉ በካቻቢቴ ብሎን ሲያጠብቅ እየዋለ ክርኑን ታመመ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ በሽሮ የጠቀለለው ጉርሻ ከጣቱ ወደቀ።

"አገሬ ገብቼ አንድ ወር ልረፍ መሰለኝ" አለ።

የጀመርናቸው በሮች ከክረምት በፊት ማለቅ ነበረባቸው። እሱ ከሄደ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ይወድቃል። ይህን አልነገርኩትም። "ምን ያስኬድሃል? እኔ አስርልሃለሁ" ብዬ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ፣ ክርኑ ሥር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት።

በሦስተኛው ቀን፣ "ዶክተር፣ ጠፋ! ወላሂ አልሰማኝም!" አለ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ፣ "እጄን እንቅልፍ ወሰደው እኮ።"

"ይተኛ! አንተ ሥራህን ሥራ።"

ሁለታችንም ሳቅን። መደንዘዙን መዳን ነው ብለን ነበር። መጽሐፌ ስለ ክርን አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም።

በሮቹ አለቁ። ጎማውን ስፈታው የሰይድ እጅ ከአንጓው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቀና ሊያደርገው ቢታገልም አልታዘዘውም። ሐኪሙ ነርቩ ተጎድቷል አለን። ወራት ጠበቅን፤ በቀጣዩ ክረምትም ካቻቢቴ መጨበጥ አልቻለም።

አገሩ ሲገባ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ዝናቡ አባርቶ፣ ጭቃው መሃል በቆሎ ይጠበስ ነበር። እጄን ስዘረጋ ግራውን ሰጠኝ።

"በግራ ስለጨበጥኩህ አትቀየመኝ፣ ዶክተር።"

"ግድ የለም" አልኩት። ይቅርታ የጠየቀው እሱ፣ የማርኩት እኔ! አውቶቡሱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ባለሙያዋ የቱን እንደምመርጥ ስትጠይቀኝ ፕላስተሩን አልኩ። ቀበቶው ጥፋት የለበትም፤ ክንዴ ላይ ሲጠብቅ ግን የራሴን የወጣትነት እጆች አያለሁ።

ልጆቼን ያሳደግኩት "የማታውቁትን አናውቅም በሉ" እያልኩ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ ቀጥቻቸውም አውቃለሁ። ከማን እጅ እንደተማርኩት ግን ይህን እስክጽፍ ድረስ አልነገርኳቸውም።