የአምቦው ጨረታና የእኔ ስም

ንጋት፣ አዲስ አበባ

«አምቦ! አምቦ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። ውሸቱን ነው። ገብቼ ስቀመጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፤ ገና በጠዋቱ ተበሳጨሁ።

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ። የምሠራበት አማካሪ ድርጅት ከጉደር ወዲያ ባለች ቀበሌ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ለማጥናት ተጫርቷል። ዛሬ አምቦ ላይ ሰነዱ ይከፈታል። አለቃዬ «ሂድና ተገኝልን» አለኝ እንጂ እኔ ጨረታ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ለምን እንደመረጠኝም አልገባኝም።

ረፋድ፣ ጊንጪ

ለቁርስ ቆምን። ጥቁር አፈር፣ የደረሰ ጤፍ፣ የጋሪ ፈረሶች፣ ትኩስ ጨጨብሳ። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ ጨምሯል ብዬ ሳጉረመርም ሾፌሩ ሳቀብኝ። «ኢንጂነር፣ ዋጋውን ተወውና ጨጨብሳውን ብላ።»

ከዚያ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። «አካም ቡልተ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ልጃቸው ዘንድ አድረው ወደ አምቦ መሄዳቸው ነው። ጉዳዬን ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ለካ ጉድጓዱ የእሳቸው ቀበሌ ነው! የውሃ ኮሚቴ አባል ናቸው፤ የሚሄዱትም ለዚሁ ጨረታ ነው።

«ያለፈው አማካሪ ከመኪናው እንኳ አልወረደም» አሉ። «በመስኮት አይቶ ‹እዚህ ቆፍሩ› አለ። ተቆፈረ፤ አቧራ ወጣ። ልጆቻችን አሁንም ወንዝ ነው የሚጠጡት። በበጋ ስንቱ እንደሚታመምብን ብታይ!»

«ታዲያ ለምን ቀጠሩት?»

«ርካሽ ነዋ! በዋጋ እሱ አሸነፈ ተባለ።»

አንጀቴን በሉት።

እኩለ ቀን፣ አምቦ

ፀሐይ፣ ባጃጅ፣ ግርግር። አዳራሹ ግን ይቀዘቅዛል። ሰብሳቢው ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ለእኛ ለእንግዶቹ ሲሉ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ያነባሉ። ተጫራቾቹ ሦስት ናቸው።

የእኛ ሰነድ ተከፈተ። «ዋና ባለሙያ፣ ደረጀ» ሲሉ ደረቴን ነፋሁ። ሁለተኛው ተከፈተ። «ዋና ባለሙያ፣ ደረጀ።»

«ሞክሼ አለህ እንዴ?» አሉኝ። ሲቪው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፤ እኔን አዩ። ሦስተኛውን ከፈቱ። አሁንም እኔው! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ሰውዬ፣ አንተ ስንት ነህ?»

እግዚኦ! ምን ልበል? በእኛ ሙያ ሲቪ እንደ ወንፊት ነው፤ ጎረቤት ይወስደውና በዚያው ይቀራል። ሥራ ፍለጋ ስዞር በየቢሮው ጥዬው ነበር። ለካ ሳይጠይቁኝ በስሜ ይጫረታሉ!

አንድ ባለሙያ በሁለት ድርጅት ከቀረበ ሁለቱም ይወድቃሉ። እኔ በሦስት ስለቀረብኩ ሦስቱም ወደቁ። ጨረታው ተሰረዘ፤ በመጪው በጀት ዓመት እንደገና ይወጣል ተባለ።

በሩ ላይ አዴ ጫልቱ ያዙኝ። «ለሦስቱም ሸጥከን?»

«ኧረ አላወቅኩም፣ እናቴ!»

«አንተ ባላወቅክ ልጆቹ ምን ይጠጡ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞሩ። «ሦስቱም የፈለጉት ይሄንን ሰው ነው። ሰውዬው ይኸው ቆሟል። ምን ቀረ?»

«ሕጉ የሚያውቀው ድርጅት ነው፣ አዴ ጫልቱ። እኔም ብሆን ግራ ገብቶኛል።»

«በቃ ዛሬውኑ ሄጄ ቦታውን ብቻ ልይላቸው» አልኩ።

«እንዳታደርገው!» ኦቦ ቶሎሳ ደነገጡ። «ቀድመህ ካየህ ከሌሎች በፊት መረጃ አገኘ ይባላል። በሚቀጥለው ጨረታ ትታገዳለህ።»

ቦታውን ያላየ ይወዳደራል፤ ያየ ይታገዳል። ደጋግሜ አሰብኩት፤ አልገባኝም። ሰበብ ለማድረግ ነው እንዳልል፣ ሰውዬው ከልባቸው ነው የሚመክሩኝ።

ከሰዓት፣ ጉደር

አምቦ መናኸሪያ የአዲስ አበባው መኪና ረዳት እየተጣራ ነበር፤ አለቃዬም ይደውላል። እኔ ግን ከአዴ ጫልቱ ጋር በጉደሩ መኪና ተሳፈርኩ። ማን ላከህ ብትሉኝ አላውቅም።

ጉደር ወርደን አስፋልቱን ተሻገርን። ሽቅብ የሚሄደውን የእግር መንገድ አሳዩኝ።

«ሩቅ ነው። ትችለዋለህ?»

«እችላለሁ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ቀደሙኝ። ተከተልኳቸው፤ ይኸው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የታገድኩ ባለሙያ ነኝ።