የሻማ በግጥም

የያዙኝ ሳሪስ አቦ፣ ታክሲ ተሰልፌ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኜ ቆሙና «ፌስቡክ ላይ ግጥም የለጠፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ግጥሜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጣቢያ ደርሰን መርማሪው ጮክ ብሎ ሲያነባት ግን አፈርኩ። የታሰርኩባት ግጥም አላለቀችም ነበር።

ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ። ስሜት ሲመጣ እጀምራለሁ፣ ሲሄድ እተዋለሁ። ስልኬ በጅምር ግጥም ተሞልቶ ነበር።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ። ቀጥሎ ያየሁት እግር ነው። ወለሉ አይታይም፤ እግር ብቻ። በሩ ጥግ የሽንት ጀሪካን፣ ፊት ለፊት ከፍ ብላ አንዲት መስኮት።

«የሻማ!» አለ አንድ ድምፅ።

የክፍሉ ካቦ ነበር፤ እስረኞቹ አለቃ ያደረጉት፣ አቃቂ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ወፍራም ሰው። አዲስ ገቢ ለክፍሉ የሚከፍላት ነገር «የሻማ» ትባላለች። እኔ ደግሞ ኪሴን ፖሊስ አራግፎታል።

«በምን ገባህ?»

«በግጥም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ወንድሜ፣ በሞባይል ስርቆት ብትል ያምርብህ ነበር» አለኝ አንዱ።

«እንግዲያው በግጥም ትከፍላለህ» አለ ካቦው። «ጠዋት ጠዋት፣ ከቆጠራ በፊት፣ ሁለት መስመር። ከከፈልክ መስኮቱ ሥር ትተኛለህ። ካልከፈልክ…» በአገጩ ጀሪካኑን አሳየኝ።

ቀላል መሰለኝ። በማግስቱ ቆሜ ነፃነት ወርቅ ነው፣ ጨለማውም ይነጋል የሚል ነገር ለቀቅኩባቸው። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

«ይሄን ሬድዮ ላይ ሰምቼዋለሁ» አለ ካቦው። «ደግሞ ወርቁን የት አየኸው? እዚህ ክፍል ውስጥ ትናንት ያየኸውን አምጣ። ያላየኸውን አልቀበልም።»

ጀሪካኑ ጋ ተኛሁ። እዚያ የተኛ ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ስለዚህ ያያል። እስክሪብቶ ክልክል ስለነበር ያየሁትን በጭንቅላቴ ይዤ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ተሰልፌ ቃላቱን አገላብጣለሁ።

ከመካከላችን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከጠያቂ ምግብ የተረፈ የሙዝ ልጣጭ ይለቅሙና ጫማቸውን ሲወለውሉ ይውላሉ። ሲጨርሱ በፌስታል ጠቅልለው ከመስኮቱ ብረት ላይ ይሰቅሉታል።

«ጋሼ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ሲጠሩኝ ጫማ ስፈልግ አላስጠብቃቸውም፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጠዋት ቆምኩ፦

ጋሼ ጫማቸውን ወልውለው ሰቀሉ፣
መንገዱ ቢጠራን ዝግጁ ነን እያሉ።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሌሎቹ ቀና ብለው ፌስታሉን አዩ፤ ከዚያ እንደገና እኔን። ካቦው ጥቂት አሰበና «ብርድ ልብሱን አንሱለት፤ ወደ መስኮቱ» አለ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ግጥም ጨርሼ አላውቅም ነበር፤ ይቺ ግን አልቃለች፣ ሰውም ስቆባታል፣ መኝታም አስገኝታለች። ያን ሌሊት ወደ ቂሊንጦ የሚወርደውን የጭነት መኪና ድምፅ እየሰማሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ በደስታ ነው።

ሁሉም ጠዋት እንደዚያ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ወደ ጀሪካኑ ተመልሻለሁ። ባዶ አፌን ግን ቆሜ አላውቅም። ስሜት መጣም ቀረ፣ ቆጠራው ይመጣል።

አንድ ጠዋት ቆጠራ ሳይደርስ በሩ ተከፈተ። «አንተ ገጣሚው! ዕቃህን ይዘህ ውጣ፣ ተፈተሃል!» አለ ፖሊሱ። ተጠርቶ የዘገየ ሰው እንደገና ሲቆለፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ደፉ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ።

«የዛሬውን አልከፈልኩም።»

«ምኑን?»

«የሻማ። ሁለት መስመር ናት።»

«ሰውዬ፣ ውጣ እያልኩህ ነው!»

ፊቴን ወደ ክፍሉ አዞርኩ። ጥበቱ በጎን ነበር የሚያስተኛን፤ አንዱ ካልዞረ ሌላው መዞር አይችልም። በዚያ ሌሊት ያየሁት እሱን ነበር፦

አንዱ ሲገላበጥ አብሮ ሌላው ዞረ፣
እንዲህ ተጣብቆስ ማን ለብቻው አደረ?

ፖሊሱ ቁልፉን ማንቃጨሉን ተወ።

«የመጀመሪያዋ መስመር ትሻላለች» አለ ካቦው በመጨረሻ። «ሁለተኛዋን ነገ አስተካክላት።»

«ነገማ የለሁም» አልኩት።

«የትም ሁን። ነገ።»

ጋሼ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሱልኝ። ወጣሁ።

አሁን የምኖረው በጽሑፍ ነው፤ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ የሬድዮ ድራማ እጽፋለሁ፣ የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፌም ማተሚያ ቤት ገብቷል። ጀማሪዎች ምስጢሩን ሲጠይቁኝ «ጠዋት ሁለት መስመር፣ ትናንት ካየኸው» እላቸዋለሁ። ምስጢር የደበቅኳቸው ይመስላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት ቃሊቲ መንገድ ላይ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ሰርቪስ ከታክሲያችን ጎን ሄደ። ውስጡ ያሉት ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተኝተዋል። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ሁሉም አንድ ላይ፣ ሳይነቁ፣ ወደ ግራ ዘመም አሉ።

ያቺን ሁለተኛ መስመር አስታወስኳት። አሁንም አላስተካከልኳትም። እስክሪብቶዬን አወጣሁ።