ከማማው ላይ ያየሁት ጭስ

አሰበ ተፈሪ ከተማ አጠገብ የደን ተመልካች ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሊለቁ የተዘጋጁት ሽማግሌ ተረኛ ከኮረብታው አናት ላይ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ማማ አወጡኝ። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ማማው በጣሊያን ጊዜ መንገድ ለመቃኘት የተሠራ ነው ይባላል። ደረጃው አርባ አንድ ነው፤ ሠላሳኛው ላይ ቆሜ ሳለከልክ ሽማግሌው ሳቁብኝ።

ዕቃው አንድ የሩቅ ማሳያ መነጽር፣ አንድ እጀታው የሚዞር ስልክና አንድ መዝገብ ነበር። ጭስ ሲታይ ሰዓቱና አቅጣጫው ይጻፋል፣ ለጽሕፈት ቤቱ ይደወላል፣ ጠባቂዎች ይላካሉ።

እሁድ እሁድ አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ይዘው ማማውን ሊጎበኙ ይመጡ ነበር። በምዕራብ የአሰቦትን ተራራ፣ በምሥራቅ የሂርናን መንገድ እያሳየሁ እንደ አገሩ ተወላጅ እደሰኩርላቸው ነበር። አገሩን ከረገጥኩ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ ከደኑ ጥግ ወፍራም ጭስ ሲትጎለጎል አየሁ። መዝገቡ ላይ "የደን ቃጠሎ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ደወልኩ። ቀትር ላይ ጠባቂዎቹ ኦቦ ሙሜ የሚባሉ ገበሬ ይዘው ወደ ከተማ ሲገቡ በመነጽር ተከተልኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የኦቦ ሙሜ ባለቤት አዴ ፋጡማ ማማው ድረስ መጡ። ደረጃውን ሳያርፉ ወጡና ያየሁትን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። መነጽሩን ሰጠኋቸው። አይተው መነጽሩን መለሱልኝ።

"አሁን አንተ እይ። የተቃጠለው ዛፍ የቱ ነው?"

ፈለግኩ። አንድም የለም። ያለው ዙሪያው የጠቆረ የጉድጓድ አፍና አጠገቡ የተከመረ ማሽላ ነው። በእነሱ አገር ማሽላ የሚቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እህሉ ከመግባቱ በፊት እሳት ይነድበትና እርጥበቱ ይደርቃል። እኔ የምንጃር ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ጎተራ ነው። ጠባቂዎቹ ጉድጓዱ ማስረጃ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብለው ስለነበር የዓመት ቀለባቸው ሜዳ ላይ ቀርቷል። አዴ ፋጡማ ይህን ነግረውኝ ሰማዩን አሳዩኝ። ያለ ወቅቱ ደመና ይዞ ነበር።

ተለዋጬን አስጠርቼ፣ መዝገቡን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ወረድኩ። ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የእኔ ነው አልኩ። ሪፖርቱ ለአውራጃው ተልኳል፣ የሙከራ ጊዜህን አልጨረስክም፣ ካረምከው እንጀራህን በገዛ እጅህ ነው የምታጣው አሉኝ። መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት።

"ጓድ ኃላፊ፣ እኔ ያየሁት ጭስ ነው። ቃጠሎ ያልኩት ከራሴ ነው።"

ይህንኑ ጽፌ ፈረምኩ።

ኦቦ ሙሜ በማግስቱ ተፈቱ። ዝናቡ ግን ቀድሟቸው ነበር፤ ከማሽላው ግማሹ ሻገተ። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። ሥራዬ ተረፈ፣ የእሳቸው እህል አልተረፈም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዓመቱ፣ ያው ኅዳር ላይ፣ ኦቦ ሙሜ ራሳቸው ማማው ላይ ወጡ። የልባቸውን ሊነግሩኝ የመጡ መስሎኝ ደንግጬ ተነሳሁ። ቤታቸውን እንዳሳያቸው ብቻ ጠየቁኝ። በመነጽሩ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ከዚህ ላይ ሆኜ ጭሱን ባየው እኔም ደን የሚቃጠል ይመስለኝ ነበር" አሉ። ከዚያም መነጽሩን እየመለሱ፣ "ነገ ጠዋት ጉድጓድ አደርቃለሁ። እንድታውቀው ብዬ ነው" አሉኝ።

ለዚህች ቃል ሁለት ሰዓት በእግራቸው መጥተዋል። ደረጃውን ይዤያቸው ወረድኩ።

በማግስቱ ጭሱ ወጣ። ሰዓቱንና አቅጣጫውን ጻፍኩ፣ ከጎኑ "የኦቦ ሙሜ ጉድጓድ" ብዬ ጨመርኩ። ስልኩን አላነሳሁም።

ማማው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። የማላውቀው ጭስ ባየሁ ቁጥር መደወሌን አልተውኩም፤ የምጽፈው ግን "ጭስ" ብቻ ነበር። ምን እንደተቃጠለ የምጽፈው ወርዶ ያየ ሰው ሲነግረኝ ነው። ሥራውን የምትረከቡም እንደዚሁ አድርጉ።