በጎኑ የሚተነፍሰው ነቀዝ

የቀበሌያችንን የዘር ጎተራ ቁልፍ የተረከብኩ ዕለት፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የሚገባውን ማሽላ መፈተሽ ነበር። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የነቀዝ ሽታ ግን አይጠፋኝም።

ያኔ ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እናስቀምጥ ነበር። ጤፉ ክፍተቱን ስለሚሞላው ነቀዝ አይበረታም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

አምና የግብርና ባለሙያዋ ሰናይት ከሰቆጣ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው ጆንያ ይዛ መጣች። "እማማ፣ ላስቲኮቹን ለየብቻ ጠምዝዘው ይቋጥሩ። አየር ሲያልቅ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል።"

"አፍንጫው የታለና ነው የሚታፈነው?"

"አፍንጫ የለውም። በጎንና ጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው።"

"በአሮጊት ትቀልጃለሽ?" አልኳት። አላመንኳትም። የጎተራው ኮሚቴ ግን የሁሉም እህል በዚሁ ጆንያ እንዲታሰር አዘዘ።

ብርቄን ደግሞ ነቀዝ ታስገባለች ብዬ ከሁሉ አብልጬ ጠረጠርኩ። ባሏ ሞቶ፣ ልጇ ሳውዲ ሄዶ ብቻዋን የቀረች ጎረቤቴ ናት። ማሽላዋን ያመጣችው ከሁሉ ዘግይታ ነው። የሌሎቹን ከላይ ከላይ አይቼ አሳልፌ፣ የእሷን እስከ ታች ገለበጥኩት። ሁለት ነቀዝ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ወደ ገበያ ስወርድ የእሷን ጆንያ ብቻ እየፈታሁ አይ ነበር። ነቀዙ ይርመሰመሳል። "ብዬ ነበር!" እልና መልሼ አስረዋለሁ።

የዘር ወቅት ደርሶ ጆንያዎቹ በኮሚቴው ፊት ተፈቱ። የሌላው ሁሉ ደህና ነው። የብርቄ ዱቄት ሆኗል።

ሊቀመንበሩ ሞላ ተቆጣ። "ይቺ ሴትዮ ነቀዝ ጭና ነው የመጣችው። ስሟ ከመዝገቡ ይሰረዝ፤ ዘርም አይሰጣት።"

"ታዲያ ምን ልዝራ? አመድ?" አለች ብርቄ።

ሰናይት ከሌላ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘገነች። መዳፏ ላይ የሞቱ ነቀዞች ነበሩ። "በሁሉም ውስጥ ነበረ፤ ታፍኖ ሞቷል። የብርቄ ግን አየር አግኝቷል። ማን ፈታው?"

"ራሷ ትሆናለቻ! የዘር እህሏን ሰርቃ ልትበላ ገብታ ነው" አለ ሞላ።

ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም አንገቴ ላይ ነው። ሆኖም ሁሉም ስለሚያምነኝ፣ ዝም ብል እኔን የሚጠረጥር አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "በየቅዳሜው እየፈታሁ ነቀዙን ሳስተነፍሰው ከረምኩ። የእሷን ስም ከሰረዝክ የእኔንም ሰርዝ።"

ሞላ ማንንም ሳይሰርዝ መዝገቡን አጠፈ። የራሴን ጆንያ ብርቄን አሸከምኳት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው እንዳይፈቱብኝ ብቻ" አለችኝ።

ነቀዝ የሚተነፍሰው በጎኑ ነው። የታሰረ ጆንያ እስከ ዘር ቀን አይፈታም። እህል ሲገባ ደግሞ የአንዱን እስከ ታች ከገለበጣችሁ፣ የሁሉንም ገልብጡ።