የእህቴ ልጅ ጎል አያገባም

የእህቴ ልጅ ሹዓይብ ስምንት ዓመት እንግሊዝ አገር ኳስ ተጫውቷል። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዓይኑ ይበራና የትልልቆቹን ክለቦች ስም ይደረድርልኛል። ኧረ ተዉ፤ አራተኛ ዲቪዚዮን ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች፣ ንፋሷ ጆሮ በሚቆርጥ ትንሽ ከተማ። «እሺ፣ ስንት ጎል አገባ?» ይሉኛል ቀጥለው። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የመሃል ተከላካይ ነው። የተቀጠረው ጎል ሊያስቀር እንጂ ሊያገባ አይደለም። እኔ አብዱልሀሚድ ኦስሎ ከተማ ታክሲ ስነዳ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ነገር ስንቱን ተሳፋሪ ሳስረዳ እንደኖርኩ አላህ ያውቃል።

ሹዓይብ እዚሁ ተወልዶ ትቬይታ በሚባለው ሰፈር ከነዚያ ረጃጅም ብሎኮች ሥር አደገ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ እህቴ ሰሊማ ሆቴል እያጸዳች እሱንና ታናሽ እህቱን ሰሚያን ብቻዋን አሳደገች። የሰፈሩ ልጆች አጥቂ ለመሆን ሲጣሉ እሱ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ከኋላ ሁሉም ይታያል አጎቴ» አለኝ። ፊቱ የልጅ፣ ነገሩ የሽማግሌ ነበር።

ሃያ ዓመት አልፎት ያ የእንግሊዝ ክለብ ሲወስደው ሰሊማ አላለቀሰችም። እንደ ወሎ ሰው ደንብ ቤቷን ሞልታ ዱዓ አስደረገች። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ጎል በጎል አድርገው!» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ።

«እትዬ፣ ተከላካይ ነው እኮ» አልኳት ጠጋ ብዬ።

«ተከላካይ ቢሆንስ? ለአላህ ይሳነዋል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ጨዋታ ባለው ቁጥር የሰፈሩ የወሎ እናቶች እሷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቴምርና ሻይ ይቀርባል፤ ጎል ይለመናል።

እዚያ ኑሮው የዋዛ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት ተቀያሪ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። አፍንጫው ተሰበረ፤ ዳነ፤ ተመልሶ ተሰበረ። ደጋፊዎቹ ስሙን መጥራት ሲያቅታቸው «ሹ» ብለው አሳጠሩት፤ ክለቡ ሊወርድ ጫፍ ደርሶ በተረፈበት ዓመት ደግሞ ያንኑ ስም እየዘመሩ በትከሻቸው ተሸከሙት። ይህን ሁሉ በስልክ ሲያወራት የእናቱ ጥያቄ አንድ ነው።

«አገባህ?»

«ነይ እማ» ይላታል በኖርዌይኛ፤ አላገባሁም ማለቱ ነው።

«ኢንሻአላህ በሚቀጥለው።»

አንድ ክረምት ለእረፍት መጥቶ ታክሲዬ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የሆዱን አወጣ። «አጎቴ፣ እማ ዝም ብዬ የምቆም ነው የሚመስላት። አንድ ቀን ሥራዬ ሥራ መሆኑን ብታይልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። ያን የሚያህል ጎረምሳ ድምፁ ሲቆራረጥ መስማት ከባድ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ።

ከዚያ ያ የዋንጫ ጨዋታ መጣ። ትንሿ ክለብ ከአንድ ታላቅ ክለብ ጋር ተደልድላ በቴሌቪዥን ልትተላለፍ ሆነ። እናቶቹ በጊዜ ተሰብስበው ዱዓውን አድርሰው ተቀመጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ልትገባ ስትል ሹዓይብ ሊያወጣት ተወረወረ፤ ጉልበቱን ነካችና የገዛ በረኛውን አልፋ መረብ ውስጥ ገባች።

እናቶቹ ያዩት ልጁን ነው፤ ከሥሩም ስሙ ተጽፏል፤ ሕዝቡም ጎል ብሎ ይጮኻል። እልልታቸው ብሎኩን አናወጠው። ሰሊማ ለምስጋና ሱጁድ ወረደች። እኔና ሰሚያ ተያየን።

«አጎቴ፣ አንተ ንገራት» አለች ሰሚያ።

«አንቺ ንገሪያት!»

ማናችንም አልነገርናትም። ሰሊማም ወዲያው ስልኳን አንስታ ገና ከመልበሻ ክፍል ሲወጣ አገኘችው። «የኔ አንበሳ! አላህ ሰማን!» አለችው። ልጁም «አሚን እማ» አላት። ይህን በኋላ ሲነግረኝ መሪ እንደጨበጥኩ አለቀስኩ።

ያን ዓመት ክለቡ ውሉን አላደሰለትም። ጉልበቱም አብሮ ስላስቸገረው ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ። እውነቱን ሰሊማ የሰማችው ሰርግ ላይ ነው፤ አንዱ ወጣት ሊያሾፍ ብሎ ቪዲዮውን አሳያት። ቤት ገብታ ልጇን አስቀመጠችው። «ስምንት ዓመት ለፍተህ አንዲት ጎል፣ እሷም በራስህ ላይ?» አለችው። ግራ ገብቷት ነው እንጂ በክፋት አልነበረም። እሱ ግን ተነስቶ ወጣ። ታኬታውን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ምድር ቤት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ቆለፈበት።

ሥራ ያዘ፤ ቶየን ሰፈር ባለ አንድ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ልጆች ይጠብቃል። ያን ቁመት ይዞ በትንንሽ ወንበሮች መካከል ጎንበስ ብሎ ሲሄድ፣ ልጆቹ እግሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ ላየው ያስቃል። ከልጆቹ የአንዷ አባት ፊሊፕ ይባላል፤ እዚያው ቶየን የአንድ ትንሽ ክለብ አሰልጣኝ ነው፤ ቡድኑ ሊወርድ ቋፍ ላይ ነበር። የሹዓይብን ታሪክ ከሰማ በኋላ ልጁን ሲያመጣም ሲወስድም እየለመነ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣው። በመጨረሻ ሹዓይብ ካርቶኑን አወጣ። «ለእማ ግን እንዳትነግራት አጎቴ» አለኝ።

እንዴት አልነግራትም? የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ኦከርን ሰፈር ሄደን ዕቃ ልንገዛ ነው ብዬ ታክሲዬ ውስጥ አስገባኋትና ሜዳው ዳር አቆምኩ። ዝናብ ይዘንባል። ልጇን ስታይ መጀመሪያ እኔን ገላመጠችኝ፤ ቀጥላ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች። ቡድኑ እኩል ለእኩል ከወጣ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ ይወርዳል። ይህን ላስረዳት ብል «ዝም በል፣ እያየሁ ነው» አለችኝ።

እኔ ኳሷን እከተላለሁ። ወዲህ ስትሄድ ወዲህ፣ ወዲያ ስትሄድ ወዲያ፣ አንገቴ እስኪዝል። ሰሊማ አንገቷ አይንቀሳቀስም። ኳሷ የትም ትሁን የት፣ ዓይኗ ልጇ ላይ ነው። ሊያበቃ ሲል የተጋጣሚው ቡድን ፂመ ቀይ አጥቂ ሾልኮ ገባና መታ፤ በረኛው ያዘ።

«ጎበዝ በረኛ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰሊማ ክንዴን በጥፊ አለችኝ። «በረኛው ምን ሠራ? ያ ሰውዬ ገና ሳይነሳ ሹዓይብ መንገዱን ዘግቶበት ነው እንዲያ አጣሞ የመታው። አንተ ምን ስታይ ነው የምትውለው?»

ዕድሜ ልኬን ኳስ አውቃለሁ ስል ኖሬ ምንም አላየሁም ነበር።

ጎል ሳይገባ አለቀ። ጓደኞቹ በረኛውን ተሸክመው ሲጨፍሩ ሹዓይብ እናቱን ዳር ላይ አያት፤ ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከራስ እስከ እግሩ ጭቃ ነው። ሰሊማ በሻርፓዋ ጫፍ ፊቱን ትጠርገው ጀመር።

«ያን ፂመ ቀዩን ኳስ ሳይኖረውም አልለቀቅኸውም» አለችው። «አጠገብህ የሚከላከሉትን ሁለቱን ልጆች ደግሞ እየጠራህ ቦታ ቦታቸውን ታስይዛቸዋለህ። እነሱ ሲያርፉ አንተ አታርፍም። እንግሊዝ አገርም እንዲህ ነበር የምትሠራው?»

«ያ፣ እማ፤ አዎ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

«እንዴት ደክመሃል ልጄ!» አለች። «እንዴት ደክመሃል!»

ያን ጊዜ ሹዓይብ ትከሻዋ ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ፤ እሷም ጃንጥላውን ጥላ አቀፈችው። እኔም አልቻልኩም፤ ዝናቡ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

መኪና ውስጥ ማሞቂያውን ከፈትኩላቸው። ጥቂት እንደሄድን ሰሊማ ወደ እሱ ዞረች።

«የእንግሊዞቹ ጨዋታዎች አሁን ማየት ይቻላል?»

«ብዙዎቹ ኔት ላይ አሉ። ሰሚያ ታገኝልሻለች።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ዓመት እንጀምራለን። ዛሬውኑ።»

ሹዓይብ ወደ መስኮቱ ዞሮ ፈገግ ሲል በመስታወቴ አየሁት። «ጎል የለባቸውም እኮ እማ» አላት።

«ጎል ማን ጠየቀህ?» አለችው።